አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ

አባቴን በሕይወቴ አንድ ጊዜ አሳልፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የሰጠኋቸው ለጠላት አይደለም፤ ዕድሜው ከሃያ ብዙም ለማይዘል፣ ፊቱ በፀሐይ ለቀላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ጊዜው ቀትር፣ ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ሰው አይስክሬም እየላሰ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነበር። ከሲያትል ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ነድቼ እዚያ የወሰድኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

አባቴ አናጢ ነበሩ፤ ነገር ግን ሰው የሚኖርበት ቤት አይሠሩም። አዲስ አበባ ባለ አንድ ቴአትር ቤት መጋረጃው ሲገለጥ ከተዋንያኑ ጀርባ የሚታየውን ሁሉ፣ የባለጠጋውን ሳሎን፣ የእስር ቤቱን ግንብ፣ የገበያውን ሱቅ የሚያቆሙት እሳቸው ነበሩ። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ለስድስት ወር ሥልጠና ወደ ካሊፎርኒያ ተልከው፣ በአንድ ትልቅ የፊልም ስቱዲዮ የአናጢዎች ክፍል ውስጥ ሠርተው ተመልሰዋል። ስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እቤታችን የሚነሣው ጨዋታ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባ ነበር። አቡጀዲ በጄሶ ተነክሮ እንዴት ድንጋይ እንደሚመስል፣ አንድ መንደር በሦስት ሳምንት ተሠርቶ በአንድ ጠዋት እንዴት እንደሚፈርስ፣ ጎብኚ የጫነ አውቶቡስ ሥራ ቦታቸው ደጃፍ ድረስ መጥቶ እንዴት ይቆም እንደነበር።

«ያኔ ሰው የሚመጣው ሥራችንን ለማየት ነው» ይሉን ነበር። «ተዋናዩን እንዳይመስላችሁ። እኛን! ሚስማር ስንመታ አፋቸውን ከፍተው ያዩናል።»

እኔና ባለቤቴ በሱዳን በኩል ወጥተን ሲያትል የገባነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሲጀምሩ ነው። ልጃችን ያኔ ጡት አልጣለችም። ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር የአንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ተከራየን። ባለቤቴ ኤቨረት ከተማ በአውሮፕላን ፋብሪካ፣ እኔ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሥራ አገኘን። እናቴ ስታርፍ አባቴ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከብዙ ማመልከቻና ከብዙ መጠበቅ በኋላ እኛ ዘንድ መጡ። ገና ስልሳ አልሞላቸውም፤ ጉልበታቸው እንዳለ ነበር። እጃቸው ግን ሥራ አላገኘም። የሄዱበት የአናጢዎች ማኅበር ወረቀት ጠየቃቸው፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ ለቴአትር ቤቱ ብንጽፍ መልስ የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ማጽዳት ጀመሩ። ወለል ይወለውላሉ፣ የልጆቹን ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ። አላማረሩም። አንዳንዴ ብቻ የላላ የወንበር እግር ካገኙ ኪሳቸው ውስጥ በያዙት ትንሽ መዶሻ አጥብቀውት ይመጡና ለእራት እስክንቀመጥ እሱን ያወሩናል።

አንድ ገና ላይ ከታች የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ለልጆች ድራማ የቤተልሔምን በረት እንዲሠሩላቸው ለመኗቸው። ጎረቤቶቻችን ጴንጤዎች፣ አባቴ ኦርቶዶክስ ናቸው። ትንሽ አመነቱና «ለሕፃናት ከሆነ ምን ችግር አለው» ብለው ተነሡ። ከሰው ቤት የተጣለ አንሶላ፣ ጥቂት እንጨትና ጄሶ ይዘው አንድ ሳምንት ጋራዥ ውስጥ ጠፉ። በዓሉ ሲደርስ የሠሩት የድንጋይ ግንብ የጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሲመሰክሩ ቆመው ደከማቸውና ክንዳቸውን ግንቡ ላይ ጣል ቢያደርጉ ግንቡ ተወዛወዘ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ካየኋቸው ዓመታት ሆኖኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እንዲህ አሉ፦ «ያንን ስቱዲዮ ሄደን እንይ። ልጅቷ ትየው። አያቷ ወለል ብቻ አይደለም የሚያውቀው።»

ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄድን። ባለቤቴ ከፋብሪካው ፈቃድ አላገኘም፤ የሄድነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ አባቴ፣ እኔና ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ። አባቴ በዚያ ሙቀት ኮትና ከረባት አድርገዋል። በደረት ኪሳቸው አንድ ፎቶግራፍ ይዘዋል፤ ትልቅ ተንሸራታች በር ፊት ለፊት ስምንት አናጢዎች ቆመው፣ ዳር ላይ እሳቸው፣ ቀጭን፣ ቱታቸው ሰፍቷቸው።

«ማን ያውቃል፣ አንድ የሚያውቀኝ ሰው ባገኝስ» አሉ።

መኪናውን ፓርክ አድርገን ገና ወደ በሩ ስንቀርብ ሙዚቃው ተቀበለን። ከየዛፉ ሥር ከተደበቀ ድምፅ ማጉያ ይወጣል። ጭራቅ የለበሱ ሰዎች ከልጆች ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ልጄ እጄን ለቅቃ ሮጠች። አባቴ ቲኬት የምትቆርጠውን ወጣት በትሕትና፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ ጠየቋት፦ «የአናጢዎቹ ክፍል አሁንም ከኋላ በኩል ነው?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ካርታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥላ ሥር ቆመው አነበቡት። የምግብ ቤት ሥዕል አለ፣ የሱቅ ሥዕል አለ፣ የትርዒት ሰዓት አለ። ገለበጡት፤ በጀርባውም ያው ነው።

«ሥራ የሚሉት የታል?» አሉኝ።

«ሲያዞሩን እናየዋለን፣ አባባ» አልኳቸው።

ከረዥም ወረፋ በኋላ ጎኑ ክፍት በሆነ፣ እንደ ባቡር በተቀጣጠለ መኪና ላይ ተሳፈርን። አስጎብኚው ማይክሮፎን የያዘ ቀልደኛ ወጣት ነው። አንድ መንደር ውስጥ አስገባንና «ዝናብ የሚመጣ ይመስላል!» ሲል ከኮረብታው ላይ ጎርፍ ተለቀቀ። ሰው ጮኸ። ውሃው ጎናችን ድረስ መጥቶ በአንድ ቦይ ውስጥ ተውጦ ቀረ። ቀጥሎ አንድ ቤት በእሳት ተያያዘ፤ ትንሽ ነደደና በራሱ ጠፋ። ልጄ ጥፍሯን ክንዴ ላይ ተክላ ትስቃለች።

አባቴ ጎርፉንም እሳቱንም አላዩም። አንገታቸውን አውጥተው የሚያዩት ግድግዳውን ነው።

«ሲሚንቶ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ግንቡ። የእውነት ሲሚንቶ። ለፊልም ቢሆን በጄሶና በአቡጀዲ ነበር የሚሠራው፤ ሲያልቅ ይፈርሳል፣ በቦታው ሌላ ይቆማል። ይሄን እንዳይፈርስ አድርገው ነው የሠሩት።» ከዚያ፣ «እዚህ ማንም ፊልም አይሠራም» አሉ።

ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። መንደሩ ደርቋል፤ ቀጣዩ መኪና ተራውን ይጠብቃል፤ ሁለት ሠራተኞች አንድ ማብሪያ አጠገብ ቆመው ያዛጋሉ። አባቴ እጃቸውን አውጥተው አስጎብኚውን ጠየቁት፦ «እዚህ ፊልም የሚቀረጸው መቼ ነው?»

«ዕድለኛ ከሆናችሁ ዛሬ አንድ ኮከብ ታያላችሁ!» አለ ልጁ፤ ተሳፋሪው አጨበጨበ። አባቴ እጃቸውን አወረዱ።

ስንወርድ ልጄ ሽንት ቤት ካልሄድኩ አለች። አባቴን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ «ከዚህ አይነሡ» አልኳቸው። እንደ ሕፃን! ያኔ እንኳ አልታወቀኝም። ስንመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

ለምን ያህል ጊዜ እንደፈለግኳቸው አላውቅም። ልጄን እየጎተትኩ ሱቅ ለሱቅ ሮጥኩ። በመጨረሻ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ሰንሰለት ከተወጠረበት፣ «ለሠራተኞች ብቻ» ከሚል ጽሑፍ ወዲያ አየኋቸው። ያ የጥበቃ ልጅ ፊታቸው ቆሟል። ከኋላቸው ትልቅ ተንሸራታች በር አለ። አባቴ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ ፎቶግራፉን እያሳዩት ነው።

«እዚህ ሠርቻለሁ» ይላሉ። «ይሄ በር ነው። ይሄ ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ጌታዬ፣ እዚህ መግባት አይቻልም። ነግሬዎታለሁ።»

«ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። አንድ ደቂቃ።»

ልጁ ሬዲዮውን አነሣ። ያን ጊዜ እኔን አየኝ። «አብራችሁ ናችሁ? ደህና ናቸው እኚህ ሰውዬ?»

መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እኔ የታየኝ ሬዲዮው ነው፤ ዩኒፎርሙ ነው። በሱዳን መንገድ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲጠይቀን ምንም ነገር ብለን ማለፍ ነበረብን፤ ያ ፍርሃት ከአጥንቴ አልወጣም ነበር። ግን ይሄን ሰበብ አላደርገውም። አፍሬም ነበር። ከረባታቸው አሳፈረኝ፤ ፎቶው አሳፈረኝ።

«ጤነኛ አይደሉም» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አእምሯቸው ይረሳል። ያሉበትን አያውቁም። ይቅርታ።»

አባቴ እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ ይሰማሉ። ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። አንድ የማያውቁት ሰው በስማቸው ሲጠራቸው የሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነው። ከዚያ ፎቶግራፉን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ።

የልጁ ጠባይ ወዲያው ተለወጠ። ክንዳቸውን ደገፈ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሕፃን እንደሚናገር ቃሉን እየነጠለ «ኑ፣ እዚህ እንቀመጥ፣ ኦኬ?» አላቸው። በወረቀት ኩባያ ውሃ አመጣላቸው። አባቴ ውሃውን ተቀብለው ጠጡ፤ «አመሰግናለሁ» አሉ። ቢገላምጣቸው ይሻለኝ ነበር፤ ያ ደግነቱ ገደለኝ።

ተቀምጠን ሳለ ያ ተንሸራታች በር በከፊል ተከፈተና ቀለም የነካው ቱታ የለበሰ፣ ጡረታው የደረሰ የሚመስል ነጭ ሰውዬ ወጣ። ምን እንደሆነ ጠየቀ። የጥበቃው ልጅ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለው። ሰውዬው ወደ አባቴ መጥቶ «ፎቶውን ማየት እችላለሁ?» አላቸው። ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ በወፍራም ጣቱ አንዱን ነካ።

«ይሄ አለቃዬ ነበር» አለ። «ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሞቷል።»

«እያፏጨ ነበር የሚሠራው» አሉ አባቴ።

«ሁልጊዜ!» አለ ሰውዬው፤ ሳቀ። ልጁን «ከእኔ ጋር ናቸው» ብሎት በሩን ከፈተልን።

ውስጡ ሰፊና ጨለም ያለ ነው፤ እንጨትና ሙጫ ይሸታል። አባቴ ደፍ ላይ ቆመው በረዥሙ ተነፈሱ። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ የቆመው በር ወይም መስኮት አይደለም። የአንድ ትልቅ አዞ መንጋጋ ነው፤ ጥርሶቹ እንደ አዲስ ቀለም እየተቀቡ ነው።

«የጀልባው መዝናኛ ላይ ከውሃው ውስጥ ብቅ የሚለው ነው» አለ ሰውዬው። «በዓመት አንዴ አፉን እናድሰዋለን።»

«ለፊልምስ ምን ትሠራላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ አባቴ።

ሰውዬው እጁን ጠረገ። «እኔ እንኳ ለፊልም ግድግዳ ካቆምኩ ቆየሁ። አልፎ አልፎ ይመጣል። አሁን የሚቀርጹት ሌላ አገር፣ ሌላ ግዛት እየሄዱ ነው። ሰው እዚህ የሚመጣው ለመጮህ ነው።» የአባቴን ፊት አይቶ ጨመረ፦ «አዞው ባይኖር ግን ይሄ በር ድሮ ተዘግቶ ነበር። እኔም እቤቴ ነበርኩ። ሚስማሩ ያው ሚስማር ነው።»

«ሲያልቅ ታፈርሱታላችሁ?»

«አዞውን? አይ። ቀለም እንቀባዋለን።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመንጋጋውን መገጣጠሚያ በጣታቸው ዳሰሱና «ይሄኛው ውሃ ያስገባል» አሉት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየና በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ስንወጣ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወደ እኔ ዞሮ «ልጁ አእምሯቸው ታሟል አለኝ» አለ፤ ጭንቅላቱን እየወዘወዘ። «ማን ነግሮት ይሆን?»

የልጄን እጅ ይዤ ወደ መውጫው ሄድኩ።

በመልሱ መንገድ ላይ የምታወራው ልጄ ብቻ ነበረች። ጎርፉ፣ እሳቱ፣ ጭራቁ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም። «አያቴ፣ ውሃው ሲመጣ ወር ዩ ስኬርድ?» ትላቸዋለች ከኋላ ወንበር።

«አልፈራሁም የኔ ልጅ» ይሏታል። ከእኔ ጋር ግን ከቤንዚንና ከመንገድ ሌላ የተነጋገርነው የለም።

ሲያትል ገብተን ሳምንታት አለፉ። አባቴ አላኮረፉኝም፤ ያደረጉት ከኩርፊያ ይከፋል፤ ትሑት ሆኑብኝ። ምግብ ሳቀርብላቸው እንደ እንግዳ ብድግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ወዴት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። ባለቤቴ «ምን ሆናችሁ?» አለኝ። ልነግረው አፌ አልታዘዘልኝም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ቁልቁል ወዳለው ሐይቅ ልጄን ይዘን ወረድን። ዳመናው ዝቅ ብሏል፤ ግን አይዘንብም። ልጄ ዳክዬ ታባርራለች። እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ያን ቀን ያልኩትን…»

«ፈርተሽ ነው።»

«አፍሬም ነበር።»

«እሱንም አይቻለሁ» አሉ። ዓይናቸውን ከውሃው ላይ አላነሡም። «እኔ የተቆጣሁት በአንቺ ብቻ አይደለም። እኔም ለእናንተ ዋሽቻለሁ። ስንት ዓመት!»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

«አውቶቡሱ ሲመጣ» አሉ፣ «ደወል ይደወል ነበር። አለቃው ‹ሰዎች እየመጡ ነው› ይለናል። የያዝነውን ሥራ እንተውና፣ ተሠርቶ ያለቀ አንድ ግድግዳ ነበር፣ እሱን ከበን ሚስማር እንመታለን። የምሩን ሥራ ማየት አሰልቺ ነው፤ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ሙጫው እስኪደርቅ ይጠብቃል። እነሱ የሚፈልጉት መዶሻ ሲወርድ ማየት ነው። ያ ግድግዳ በሚስማር ብዛት ወንፊት ሆኖ ነበር።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «እኔን ደግሞ ከፊት ያቆሙኝ ነበር። ከአፍሪካ የመጣ አናጢ! ፎቶ ያነሡኛል።»

ልጆች ሳለን አፋችንን ከፍተን የሰማነው ጨዋታ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደረ። «ታዲያ ያኔም ውሸት ከነበረ፣ ለምን እንሂድ አሉን?» አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ እሳቸውም ሰሙት።

«አውቶቡሱ ያልፍ ነበራ!» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። «ሲያልፍ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ሥራው ነበረ። የተሠራው መንደር ፊልሙ ላይ ታይቷል፤ ያ ሐሰት አይደለም። አሁን ግን አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሌላ አውቶቡስ ነው። እኔ ማየት የፈለግኩት፣ ካለፈ በኋላ የሚሆነው ነገር አለ ወይ ብዬ ነው። እሱን ሳላገኝ ደግሞ አንቺ መጥተሽ አእምሮው ጠፍቷል አልሽ። ለአንድ አፍታ፣ ልጄ፣ እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ነበር።»

አለቀስኩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ፤ «ይበቃል» አሉ።

በማግሥቱ ለስቱዲዮው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፍኩ። አባቴ ጤነኛ መሆናቸውን፣ በዚያ ቦታ በእርግጥ መሥራታቸውን፣ ለጥበቃው የነገርኩት ሐሰት መሆኑን፣ ያ ወጣት ይህን ቢያውቅልን ደስ እንደሚለን ገለጽኩ። ከመላኬ በፊት አነበብኩላቸው። «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን «ላኪው» አሉኝ።

መልሱ የመጣው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። ባማረ ወረቀት የተጻፈ ነው። ስለጎበኛችሁን እናመሰግናለን፣ አስተያየትዎ ለእኛ ዋጋ አለው፣ በጉብኝትዎ ስላጋጠመዎት አለመመቸት ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል። ከውስጡ ሁለት ነፃ የመግቢያ ቲኬቶች ወደቁ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት። የሚፈልጉት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ስለ እኔ ምንም አላሉም» አሉና አጥፈው መለሱልኝ።

በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቲኬቶቹ ባለቤቴና ልጄ ሄደውባቸዋል። አባቴ ራሳቸው ናቸው «ይሂዱ፣ ልጅቷ ደስ ብሏት ነበር» ያሉት። እውነት ነበር፤ ደስታዋ የማንም ውሸት አልነበረም። ያ ቦታ የቀድሞ መልኩን ጥሏል ወይስ መጀመሪያም መልኩ ያ ነበር እያልኩ ዛሬም አሰላስላለሁ። አባቴ ቀስ በቀስ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለታቸውን ተዉ፤ እንደ ድሮው «ጨው አነሰው» ማለት ጀመሩ። ይቅር ብለውኛል ብዬ አምናለሁ። ስቱዲዮው ግን ከዚያ በኋላ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም፤ እኔም አንሡት ለማለት አልደፈርኩም።